ሥነ ቃልን የወሰደብኝ ተማሪዬ

ቅናት እንደያዘኝ ያወቅሁት ሽሮ እየበላሁ ነው። መምህራን ምሳ በምንበላበት ላውንጅ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ከኋላዬ ሁለት ወጣት መምህራን ስለ አንድ ባልደረባችን ያወራሉ። አንደኛው «ዶክተሩ እኮ ሥነ ቃልን ነፍስ ዘራበት» አለ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ነፍስ ዘራበት? እንግዲህ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር የኖርሁት ሬሳ ነው ማለት ነው። ውኃ ጠጣሁ፣ ሳልሁ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚያ ላውንጅ ሽሮ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ልገባ አይደለም። ሰው አልገደልሁም፤ ቀናሁ እንጂ። የሰው ልጅ ደግሞ ይቀናል። ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርሁት ግን ሰው ሁሉ ይፈርድብኛል፤ ስለዚህ ከትምህርት ክፍላችን ልጀምር።

እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። መካነ ሰላም የመጣሁት ዩኒቨርሲቲው ገና ሲከፈት፣ ግማሹ ሕንፃ ብሎኬቱ እንዳፈጠጠ ቆሞ፣ ግቢው ጭቃ በጭቃ በነበረበት ጊዜ ነው። የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም መምህራኑ ሦስት ነበርን። አንደኛው ከመምህራን ኮሌጅ ተዛውረው የመጡ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ኃላፊያችን ሆኑ። ሁለተኛው የሥነ ልሳን ሰው ነው። ሦስተኛው እኔ፣ የሥነ ጽሑፉ። ለሦስታችን አንድ ቢሮ ከሁለት ጠረጴዛ ጋር ተሰጠን። ጠረጴዛ የደረሰው ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ያልደረሰው ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ የክፍለ ጊዜ ድልድላችንን ያወጣነው በጠረጴዛው ልክ ነው ብል አልዋሸሁም። መስኮቱ መስታወት አልነበረውምና የመካነ ሰላም ንፋስ ወረቀታችንን እንዳይወስደው ድንጋይ እንጭንበት ነበር።

ተማሪዎቹም ወደውን አልመጡም። ሕግ ፈልጎ ያጣው፣ አካውንቲንግ ሞልቶበት የተመለሰው፣ ምደባ እኛ ላይ የጣለው ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብለው የሚያለቅሱ ነበሩ። ኃላፊያችን በር ላይ ቆመው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ አይዟችሁ እግዜር ያውቃል እያሉ ያጽናኗቸው ነበር። ልጆቹ ደግሞ አማርኛ እንደሁ እንችላለን፣ ምን ልንማር ነው ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ገና መልሱን እየፈለግን ነበር።

ኮርስ ስንከፋፈል ሥነ ቃልን የፈለገው አልነበረም። ሥነ ቃል ማለት ሕዝቡ በአፉ የሚያወርሰው ነገር ሁሉ ነው፤ ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የለቅሶው ሙሾ፣ የሠርጉ ዘፈን፣ ምርቃቱ፣ እርግማኑ። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚያስተምሩት አይደለም። ገጠር መውጣት አለበት፤ ገጠር ለመውጣት አውቶቡስ፣ ለአውቶቡሱ ነዳጅ፣ ለነዳጁ ደግሞ አስተዳደር ቢሮ ደጅ መጥናት አለ። ሁለቱ ባልደረቦቼ ለጉልበታቸው ሳሱ። እኔ ወጣት ነበርሁ፣ ወሰድሁት። ነዳጅ ከመለመኔ ብዛት የአስተዳደሩ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረው ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ኮርሱ የኔ የሆነው። አንድ ሰው ድንጋይ ለቅሞ፣ ቁጥቋጦ መንጥሮ ያቀናውን መሬት የኔ ነው ቢል ማን ይቀየመዋል?

ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምወስድበት አንድ ቤት አለ። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄዱ፣ አውቶቡሱ ከቆመበት የሚታይ፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ የሆነ ቤት ነው። እዚያ አንዲት ዱበርቲ ይኖራሉ። ዱበርቲ የምንለው በዱኣቸው የታወቁ ትልልቅ እናቶችን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቤታቸው ወዳጃ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ መንዙማው ተብሎ፣ ዱኣ ይደረጋል። እስላሙም ይመጣል፣ ክርስቲያኑም ይመጣል። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ አንድም ቀን አንተ ምን ልታደርግ መጣህ ያለኝ ሰው የለም።

የወዳጃው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ በሆዱ ይዞ አይቀመጥም። ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ እየሰማው ይናገራል። አንዱ ላሜ ታማብኛለች ይላል፤ አንዷ ልጄ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፋብኝ ትላለች። ዱበርቲዋ እጃቸውን ዘርግተው ይለምኑላቸዋል፤ ቤቱ ሙሉ አሚን ይላል። አንድ ሰው በአንድ ወዳጃ አንድ ሐጃ ብቻ ነው የሚያወጣው። ደግሞም የተለመነው ነገር በእጁ ያለ ሰው እዚያው ተቀምጦ አሚን ካለ፣ ሊያደርገው ግድ ነው፤ አሚን ብሎ ወጥቶ ቢያስቀር ጎረቤቱ በክፉ ዓይን ያየዋል። ይህን ሁሉ እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ፣ በፈተናም አውጥቼዋለሁ። እዚያ ቤት ስሄድ ግን የራሴን ሐጃ አውጥቼ አላውቅም። ተራዬ ሲደርስ ልጆቹ በሰላም እንዲመረቁ እላለሁ፣ አሚን ይባላል፣ መቅረጫዬን እንደከፈትሁ እቀመጣለሁ። እኔ ለሥራ ነው የሄድሁት ባይ ነኝ።

አሁን ወደሱ ልምጣ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻችን አንዱ የአጅባር ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ገጠር ስንወጣ መቅረጫዬን የሚሸከምልኝ። እዚያ ቤት መጀመሪያ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ይቺ ትያዝልኝ። ጎንበስ ብለህ ግባ፣ ጫማህን እዚህ አውልቅ፣ የእናትየውን ጉልበት ሳም ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ሲመረቅ ክፍላችን ውስጥ ረዳት ሆኖ ይቅር ብዬ ስብሰባ ላይ የተከራከርሁለትም እኔ። ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ ለሦስተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አላስተማርሁም ብዬ የመሰከርሁለትም እኔ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ቀረሁ። ልጆች ነበሩኝ፣ ቤት ነበረኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። እሱ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ።

በተመለሰ ጊዜ ክፍሉም አድጎ ጠበቀው። የቋንቋው ወገንና የሥነ ጽሑፉ ወገን ተለይቷል፤ ላውንጅ ውስጥ እንኳ በየጠረጴዛችን ነው የምንቀመጠው። እነሱ እኛን ተረተኞች ይሉናል፤ እኛ እነሱን ጉሮሮ መርማሪዎች እንላቸዋለን። የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ይከፈት አይከፈት እያልን በየስብሰባው እንጨቃጨቃለን። አንጋፋው ኃላፊያችን ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ኃላፊነቱ በምርጫ ይዞራል፤ የሚፈልገው ስለሌለ ከስብሰባ የቀረ ሰው በሌለበት ይመረጣል። ያ የሥነ ልሳን ባልደረባዬ አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ደሴ ሄዶ ሲመለስ ኃላፊነቱ ነው የጠበቀው።

የኮርስ ድልድል ላይ ግን ቀልድ የለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እንሰበሰባለን፤ በማዕረግ ከፍ ያለው ቀድሞ ይመርጣል፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ እንዲያ እየተባለ ይወርዳል። የተረፈው ለአዲስ ገቢ ይሰጣል። ይህን ደንብ ያወጣነው ሦስት በነበርንበት ጊዜ ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት ደግሞ እኔ። ያኔ በሥነ ጽሑፍ በኩል ከኔ የሚበልጥ አልነበረምና በልኬ የተሰፋ ደንብ ነበር። ልብስ እኮ ባለቤቱን አይጠይቅም፤ ልክ ለሆነለት ሁሉ ይሆናል።

ተሰበሰብን። ኃላፊው፣ ዶክተር እስቲ አንተ ጀምር አለው። እሱ ብዕሩን አገላበጠ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ቅር የማይልዎ ከሆነ ሥነ ቃልን ልውሰደው» አለኝ።

ቅር የማይልዎ ከሆነ! ሃያ ሰው በተቀመጠበት ቅር ይለኛል ይባላል? ምን ቅር ይለኛል አልሁ፤ ሳቅም አልሁ መሰለኝ። ጥርሴን የነከስሁት ያኔ ነው። ለኔ ተራ ሲደርስ ዓይኔ ምንም አላየም። መሠረታዊ የጽሕፈት ክሂል ደረሰኝ፤ ማለት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንቀጽ ሲጽፍ ማረም። «ውሃ ለሕይወት አስፈላጊ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር የሚጀምር አንቀጽ፣ ክምር በክምር።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ባለቤቴ አስተማሪ አይደለችም፤ የሱቅ ሰው ናት፣ ነገር አታለሳልስም። ምሳውን ትቼ ስብሰለሰል አይታ፣ «አሁን አንተን የሚያይ ሰው ኮርስ ሳይሆን ሚስት የተወሰደብህ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ሚስት ብትሆን ሽማግሌ ይላካል አልኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ሴሚስተሩ አለፈ ልበል፤ አላለፈም፣ አንጀቴን እያሳረረ ተጎተተ እንጂ። ቢሮዬ መስኮት ሥር አንድ ግራር አለ። እሱ ተማሪዎቹን እዚያ ሥር ያስቀምጥና ያስተምራል። እንቆቅልሽ ያጠያይቃቸዋል፤ የተሸነፈው አገር ይሰጣል፤ ሳቁ እስከኔ ይመጣል። እኔ አንቀጽ እያረምሁ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። እኔ ሳስተምር እንደዚህ ይስቁ ነበር? አላስታውስም። ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ይከቡታል፤ እኔን ሲያገኙኝ ሰላምታ ሰጥተው ግድግዳውን ይይዛሉ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ሲያገኘኝ ቦርሳዬን ይቀበለኛል፣ በር ይከፍትልኛል፣ ጋሼ ደህና አደሩ ይለኛል።  እንዲያ ያለ ሰው ምን ብለው ያሙታል?

ገጠር መውጫው ሲደርስ ቢሮዬ መጣ። ተማሪዎቹን እዚያ ቤት ሊወስድ እንደሆነና እኔም አብሬ ብሄድ ደስ እንደሚለው ነገረኝ፤ መንገዱን ያቀናሁት እኔ ስለሆንሁ ያለኔ መሄድ ነውር ነው አለ። መጀመሪያ ሥራ አለብኝ አልሁት። ኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዱበርቲዋን የማውቃቸው እኔ ነኝ። ለማያውቁት ሰው አፋቸውን አይከፍቱም። ይሂድና ይሞክር፤ ሲያፍር ቁጭ ብዬ አያለሁ። እውነቱን ልናገርና ለዚህ ነው እሺ ያልሁት።

ሐሙስ ሄድን። አውቶቡሱ ሲቆም ዱበርቲዋ ደጃፋቸው ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ ቀድሜ ወረድሁ፣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዝ አድርገው ከለከሉኝ። አማን ናችሁ መምህር፣ ቤተሰብ አማን ነው፣ ግቡ ግቡ አሉኝ፤ እኔን ሁልጊዜ ለአክብሮት በእናንተ ነው የሚጠሩኝ። ከዚያ ከኋላዬ እሱን አዩት። በምርኩዛቸው ወገቡን ነካ አደረጉትና «አንተ! የት ጠፍተህ ነው? አጥሩ ወድቋል፣ ጠብታ ውኃ የለም፣ እኔ ልጅ የለኝም እንዴ?» አሉት።

እሱ ሳቀና ኮቱን አውልቆ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለው። ጄሪካኑ የት እንዳለ አልጠየቀም፤ ዞር ብሎ ከጓሮ አወጣና ወደ ምንጩ ወረደ። ዶክተር ጄሪካን ተሸክሞ ሲወርድ ተማሪዎቹ ተያይተው ተከተሉት። እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ለክብር እንግዳ የሚነጠፍ የበግ አጎዛ አላቸው፤ መደቡ ላይ አነጠፉልኝ። እርጎ በጣሳ ቀረበልኝ፤ የገብስ ቂጣ ከነትኩሱ መጣልኝ። በየዓመቱ እዚያው አጎዛ ላይ ተቀምጫለሁ፤ በየዓመቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን እሾህ ላይ እንደተቀመጥሁ ሆንሁ። በበሩ በኩል እሱ ከምንጩ ተመልሶ አጥሩን ሲያጥር፣ ሲያስር፣ አንዲት ጎረቤት ወገብህን ሰበር አድርግ እንጂ እያለች ስትቀልድበት አያለሁ። ማንም እርጎ አላሳነሰብኝም። እሱን እንደሚሰድቡት የሚሰድበኝ ግን አልነበረም።

አጠገቤ የተቀመጡ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው ምሥጢሩን የነገሩኝ፤ ለነገሩ ምሥጢር አልነበረም፣ እኔ አልጠየቅሁም እንጂ። ለዶክትሬቱ ጥናት ብሎ የመጣ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ቤት ከርሟል። መጀመሪያ መቅረጫውን ይዞ መጣ፤ የዱበርቲዋ ጣራ ሲያፈስ አየና መቅረጫውን አስቀምጦ ጣራው ላይ ወጣ። አረም አብሮ አርሟል፣ ሲታመሙ መካነ ሰላም ድረስ ተሸክሞ አሳክሟል። ሽማግሌው ይህን የሚነግሩኝ እንደ ምሥራች ነው። ጎሽ፣ እሰይ፣ ሸጋ ልጅ ነው እያልሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ደሜ ግን ፈላ። እኔ እዚያ ቤት የሄድሁት እሱ ገና ኩታበርና አጅባርን በካርታ ሳይለይ ነው! ጣራው በኔም ጊዜ ያፈስ ነበር? ቀና ብዬ ጣራውን አየሁት። በየት በኩል እንደታደሰ እንኳ መለየት አልቻልሁም።

ወዳጃው ተጀመረ። መንዙማው ተባለ፣ ድቤው ተመታ፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ኋላ አጨበጨቡ። ከዚያ ሐጃ ማውጣት ሆነ። ጎረቤቶቹ ቀደሙ። ከተማሪዎቹ አንዷ እናቷ እንድትድንላት ለመነች፣ ሌላው ሥራ እንዲያገኝ። አሚን፣ አሚን። ተራው ወደኔ ሲመጣ እንደልማዴ የልጆቹን ምርቃት ላነሣ አፌን ከፈትሁ። ዱበርቲዋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«መምህር፣ ሁልጊዜ የሰው ሐጃ ነው የምታወጡት። የናንተን ዛሬ እንስማው» አሉ።

 የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹም፣ እሱም። እሱ በሩ ሥር ከወጣቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ እጅጌውን እንደሰበሰበ ነው፣ ክንዱ ላይ ጭቃ አለ። ያን ጭቃ ሳይ የልጆቹን ምርቃት ረሳሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ጤና ይላል፣ ዕድሜ ይላል። እኔ የመጣልኝን ተናገርሁት።

«አንድ ኮርስ ነበረኝ። ተወስዶብኛል። እንዲመለስልኝ ዱኣ አድርጉልኝ» አልሁ።

ኮርስ ምን እንደሆነ የገባቸው አልመሰለኝም። ተማሪዎቹ ግን ገብቷቸዋል፤ አንገታቸውን ደፉ። ዱበርቲዋ ማን ነው የወሰደባችሁ አሉኝ። ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለ እሱ።

ይቆጡታል ብዬ ጠበቅሁ። ልደብቅ አልችልም፣ ተመኘሁ። አልተቆጡትም። ትንሽ አዩት፣ ትንሽ እኔን አዩኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው የተወሰደባችሁን አላህ ይመልስላችሁ፣ ሆዳችሁን ያብርደው አሉ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። ከሁሉም ድምፅ የሱ ጎልቶ ተሰማኝ። እኔ ሥርዓቱን በፈተና ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ አሚን ያለ ሰው ምን እንደሚገባው አውቃለሁ። ልቤ በደስታ ዘለለች። አሸነፍሁ አልሁ፤ በቃ፣ እጁን ይዤዋለሁ።

ቀጥሎ የሱ ተራ ነበር። ዱበርቲዋ አንተስ አሉት። «እኔማ ሌላ ሐጃ የለኝም። አንቺ ዕድሜ ይስጥሽ» አላቸው። እሳቸው ምርኩዛቸውን አነሡበት፤ ዝም በል አንተ፣ ያረጀሁ መሰለህ አሉት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ግን አየሁ። ያ ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ። የምሥራች ይዞ ሲሮጥ የቀደሙት ሰው የሚሰማው ነገር ተሰማኝ። በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። የተኛሁ መሰልሁ።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ድልድል መጣ። ኃላፊው፣ ዶክተር ጀምር አለው። መሠረታዊ የጽሕፈት ክሂልን እወስዳለሁ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ኃላፊው ተሳስተህ እንዳይሆን ብሎ ደግሞ ጠየቀው፤ ዶክተር ሆኖ አንቀጽ ማረም የመረጠ ሰው በክፍላችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። አልተሳሳትሁም አለ። ለኔ ተራ ሲደርስ ሥነ ቃል እዚያው ተቀምጧል። ወሰድሁት። ምክንያቱን የሚያውቁት ተማሪዎቹና እኛ ሁለታችን ብቻ ነን። በኮሪደር ሲያገኘኝ እንደወትሮው ጋሼ ደህና አደሩ አለኝ፤ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ለባለቤቴ ሚስቴ ተመለሰች አልኋት። እኔም ግራሩ ሥር አስቀምጬ ማስተማር ጀመርሁ፤ እንቆቅልሽም አጠያየቅሁ፤ ሳቁም፣ ቢያንስ ጥቂቶቹ። ቀና ስል በቢሮው መስኮት እሱን አየዋለሁ፤ አንቀጹን እያረመ ነው። ቅናት ያለበት ፊት ነበር የምፈልገው። አጣሁበት። ጁምዓ ጁምዓ ከሰዓት ቢሮው ዝግ ነው፤ መስጊድ ይሄዳል ብዬ አልፌው ነበር።

ገጠር መውጫዬ ደረሰ። በዚህኛው ጉዞ እንደ ድሮው አልሄድም ብዬ ቆርጬ ነበር። አጎዛ ላይ አልቀመጥም፤ እሱ የሠራውን እኔም እሠራለሁ። አሮጌ ሱሪና ቦቲ ጫማ አድርጌ አውቶቡስ ስገባ ሾፌሩ ጋሼ ሊያርሱ ነው እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ሐሙስ ከሰዓት ደረስን። ዱበርቲዋ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወረድሁና አማን ናችሁ ተባባልን። እጄን እንደያዙ ግን ዓይናቸው ከኔ አልፎ የአውቶቡሱ በር ላይ ነበር። የመጨረሻው ተማሪ ወርዶ ሾፌሩ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አዩ። ከዚያ ግቡ መምህር፣ ግቡ አሉኝ።

አልገባሁም። ጓሮ ሄጄ ጄሪካኑን ፈልጌ አገኘሁት። ይዤው ወደ ምንጩ ስወርድ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደረሱብኝ። ጄሪካኑን ከእጄ ወሰዱት፤ በጉልበት አይደለም፣ እንግዳ ያልተገባ ነገር ሲይዝ ከእጁ እንደሚቀበሉት አድርገው ነው። አጎዛው ተነጥፏል፣ እርጎው ቀርቧል አሉኝ። ልርዳችሁ እንጂ እማ አልኋቸው። እማ ስላቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሰሙኝም አልመሰለኝም።

«ኧረ ነውር ነው መምህር፤ ተዉት» አሉኝ። «ነገ ጁምዓ አይደል? ልጄ ሲመጣ ይቀዳልኛል።»

ጄሪካኑን ጓሮ መለሱት። እኔም ገብቼ አጎዛው ላይ ተቀመጥሁ።